ባለ ሁለት ማድቤቱ ምግብ ቤት

አዲስ አበባ በቴሌቪዥን ምግብ ሳበስል ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ ፎቶ ይነሳ ነበር። በስሜ ሁለት ምግብ ቤቶች ተከፍተዋል፤ እኔ የምገባባቸው ግን ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ሐረር ተመልሼ የራሴን ልክፈት ስል ሸሪኬ፣ "እዚያ ማን ሊበላልሽ?" አለኝ። አልሰማሁትም።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል በሚወስደው ጠባብ መንገድ አንድ የድንጋይ ቤት ተከራየሁ። አከራዬ በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ ሙስሊም እናት ናቸው። እኛ ክርስቲያኖች ነን። እናቴ ስትደግስ ለእነሱ በግ ለብቻ ይገዛ ነበር፤ ባላቸው ያርዱታል፣ እሳቸው በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፣ ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን። እኔም ይህንኑ ምግብ ቤት ላደርገው ተነሳሁ። ማድቤቱ ሁለት፣ ወጥ ሠሪዋም ሁለት፤ አዳራሹ ግን አንድ።

የመክፈቻው ሰሞን መቀመጫ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጇ ከክርስቲያኑ ማድቤት ቢላዋ ይዛ ወደ ሙስሊሙ ስትሻገር አንድ ደንበኛ አያት። ቢላዋው ገና ሥራ ያልጀመረ አዲስ ነበር። አስተናጋጇ ማለች፣ እኔም ማልኩ። ሰውየው አልጮኸም፤ እጁን ታጥቦ ወጣ። በማግስቱ ወሬው ከተማው ዳር ኤረር በር ድረስ ደርሷል። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የእኛዎቹ፣ "እዚያ ቤት ሥጋው የማን እንደሆነ አይታወቅም" ማለት ጀመሩ። አዳራሹ ጭር አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አከራዬ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው።

"እርስዎም ወሬውን አመኑት?" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ አንቺን አምንሻለሁ ልጄ።"

"ታዲያ ከተከፈተ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ቀምሰውልኝ አያውቁም።"

ሻርፓቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። "እናትሽ ቤት ድስቱ የእኔ ነበር። የሚያርደውም ባሌ ነው። እዚህ የሚያርደውን አላውቀውም፣ የምትሠራዋንም አላውቃትም። ፎቶሽ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ፎቶ ምን ያደርግልኛል?"

ተናደድኩባቸው። እስኪወጡ ጠበቅኩና ባዶው ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያሉት ነገር ትክክል መሆኑ ነበር ያናደደኝ።

ሥጋውን ተውኩት። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ዓሣ፤ በቃ። አንደኛውን ማድቤት ዘጋሁት፤ ከወጥ ሠሪዎቹ አንዷ ሥራዋን ለቃ ሄደች፣ ሌላዋን ለእገዛ አስቀርቼ ወጡን ራሴ መሥራት ጀመርኩ። ከተማው ሳቀብኝ፤ "የቴሌቪዥኗ ሴትዮ ሽሮ ቤት ከፈተች" አሉ። ሸሪኬ ደወለና፣ "ስምሽን እየገደልሽው ነው፣ ተመለሺ" አለኝ። እንቢ ስለው የቴሌቪዥን ፕሮግራሜን ለሌላ ልጅ ሰጡት። አንድ ቀን ከፍቼ አየኋት፤ ጎበዝ ናት። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አከራዬ ከልጃቸው ጋር መጡ። ምስር አዘዙ። ማድቤት በር ላይ ቆሜ እጃቸውን አየሁ። ቀስ ብለው በሉ፤ ሲጨርሱ "አልሐምዱሊላህ" አሉና ጠሩኝ።

"ጨው በዝቶበታል" አሉኝ።

"ይቅርታ፣ እናቴ።"

"ለነገ አስተካክይው።"

አሁን ምሳ ላይ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ይያዛል፤ ሌላው ባዶውን ይውላል። ወጡን አሁንም የምሠራው እኔው ነኝ። እስከ መቼ እንደምቆይ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ የምስሩን ጨው ልቅመስ ብዬ ማድቤት እገባለሁ።