ጋሽ በራኺ ለሳቅ የሚተወው ቦታ

ጋሽ በራኺ አረፈ ሲሉኝ «የትኛው በራኺ?» አልኩ። ሰፈራችን ኢስትሊ ውስጥ ፊልም የሚሰራ በራኺ አንድ ብቻ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አላመንኩም። ኧረ አሁንም አላመንኩም!

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሶስና ደወለች። እሁድ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ መታሰቢያ አለ፤ ከፊልሞቹ አንዱ ይታያል። «ፊልም የምትተቺው አንቺ ነሽ፣ የትኛው ይሁን?» አለችኝ እያለቀሰች።

ምርጫው ከሁለት አንዱ ነበር። ላላያችሁት፦ አንዱ ኮሜዲ ነው፤ ሚዜዎች ማታቱ፣ ያው ሚኒባስ ታክሲ፣ ተሳስተው ተሳፍረው የማያውቁት ሰው ሰርግ ላይ ሲጨፍሩ የሚውሉበት። እዚህ ያደጉ ልጆች በቃላቸው ይዘውታል፤ አማርኛ የማይሞክሩት ሳይቀሩ። ሌላው የስደተኛ ወረቀት ስለሚጠብቅ ሽማግሌ የሰራው ነው። ዌስትላንድስ ሰፈር አንዴ ታየ፣ ግማሹ ሰው ሳያልቅ ወጣ። እኔ ደግሞ «ከዚህ ሰው ስራ ዘመን የሚሻገረው ይሄ ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! ስለ አንድ ትልቅ ፊልም ሳወራለት «ከልጅሽ ጋር ታይዋለሽ?» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። «ጥበብ ሞግዚት ነው እንዴ?» እላለሁ። እሱ ይስቃል።

ኮሜዲውን ኤዲት ሲያደርግ አጠገቡ ነበርኩ። ከእያንዳንዱ ቀልድ በኋላ ዝም ያለ ቦታ ይተዋል። ያሰለቻል፣ ቁረጠው አልኩት።

«ተይ እንጂ! ሰዉ እየሳቀ ቀጣዩን ንግግር በምን ጆሮው ይሰማል?»

የሽማግሌውን ፊልም ዝምታ ግን በጽሑፌ ሰማይ ሰቅዬው ነበር። አንብቦት መሃል ከተማ ሻይ እየጠጣን፣ «እሱንም ለሳቅ ነበር እኮ የተውኩት፤ የሚስቅ ጠፋ እንጂ» አለኝ። ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን ዛሬም አላውቅም። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ለሶስና ኮሜዲውን አሳዩ አልኳት። አባቷን ያጣች ልጅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አባቷ በተወለት ቦታ ሲስቅ መስማት አለባት። ትልቁ ፊልም ግን አሁንም የሽማግሌው ነው። ሃሳቤን አልቀየርኩም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ።

ጋሼ፣ አሸነፍከኝ ማለት አይደለም። ከእንግዲህ ያሻኝን ብጽፍ የሚመልስልኝ የለም። እንዲህ አድርጌ ልረታህ ግን አልፈልግም ነበር። ደህና ሁን፣ የኔ ጋሼ።