ፍግ የተከመረበት ደጅ

የባሌ ቤት ደጅ ሆን ተብሎ የቆሸሸ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይቅር ባልኩ። ቤታችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የንጉሡ ጦር ባለፈ ቁጥር አንድ አለቃ በየቤቱ እየዞረ ወታደር ያሳድራል። ያደረ ወታደር ደግሞ በልቶ አይጠግብ፣ ቶሎ አይሄድ። የመንደሩ ሰው ታዲያ ዘዴ ብሎ የያዘው ነገር ነበረው፤ የከብቱን ፍግ ጓሮ መጣሉን ትቶ በራፉ ላይ ይከምራል፣ ግድግዳውን በጥላሸት ያጠቁራል፣ አለቃው የድሃ ቤት መስሎት እንዲያልፍ። አማቴ በዚህ ትኮራ ነበር። መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር «ያማረ ደጅ ወታደር ይጠራል» ትለኛለች።

እናቴ ግን ልትመጣ ነው። በሠርጌ ዕለት የባሌ ዘመዶች «ጠላው ውሃ ነው» ብለው ስላሾፉባት ደጃቸውን አልረግጥም ብላ ምላ ነበር፤ የእናቴ መሐላ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የነፍስ አባቷ በስንት ልመና አባብለዋት ከፋሲካ በኋላ ከመዘዞ ልትመጣ እሺ አለች። ያን ቀን ቅር ብሏት ከተመለሰች ዳግመኛ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ባሌም ያውቃል።

ሳምንቱን ሙሉ ስደክም ሰነበትኩ። ፍጉን በቅርጫት እየተሸከምኩ እርሻ ላይ በተንኩት። የበራፉን ግድግዳ በጭቃና በጭድ መረግሁት፤ ሲደርቅ ከገደሉ ሥር ባመጣሁት ነጭ አፈር ቀባሁት። ከመዘዞ በእግሯ የምትመጣ ሴት ከመግባቷ በፊት ጉልበቷን እንድታሳርፍ ከውጭ መደብ ሠራሁላት። መድረኩን በአዛባ ለቀለቅኩ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየኝ ከንፈሩን መጠጠ። ምን ገዶኝ፤ ያን ቤት የኔ ነው ያልኩት ያን ሳምንት ብቻ ነው።

በመምጫዋ ቀን ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ባሌ መንሽ ይዞ ቆሟል። ከበረት አዲስ ፍግ አውጥቶ በራፉ ላይ ከምሮታል፤ ነጩን ግድግዳ በጥላሸት ለቅልቆታል።

«ጦሩ ዛሬ ያልፋል አሉ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«እናቴስ?»

«እናትሽማ ሰው ናት፤ ይገባታል።»

ይገባታል አለኝ። የሳምንት ልፋቴን በአንድ ጠዋት አጥፍቶ፣ መንሹን ተደግፎ። አማቴ ከጀርባው ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። እንስራዬን አውርጄ ፍጉን በእጄ መዛቅ ስጀምር እናቴ ከመንገዱ ብቅ አለች።

ከክምሩ ወዲያ ቆመች። ያመጣችልኝን የቅቤ ቅል ታቅፋ ፍጉን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ሮጬ ጉልበቷን ሳምኩ።

«ላንቺ አይደለም እምዬ፤ ለወታደር ነው» አልኳት።

«እኔስ በየት ልገባ ኖሯል? በዚሁ አይደል?» አለች። ቅሉን እጄ ላይ አስቀምጣ በመጣችበት ተመለሰች።

ወደ ማታ አለቃው መጣ። ክምሩን አይቶ ሳቀ። «ይህን ያህል ፍግ ያለው ሰው በሬ አለው፤ በሬ ያለው እህል አለው» ብሎ ሦስት ወታደር አስገባብን። ይህን ለማወቅ አለቃ መሆን ያስፈልጋል? ያ ሁሉ መንደርተኛ ሀብቱን ደጁ ላይ ከምሮ ደበቅሁ ሲል ኖሯል፤ እስከዚያ ያለፉን በዕድል ነው። አማቴ ግን ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ነጭ ቀብተሽ ዓይን ውስጥ አስገባሽን» አለችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ወታደሮቹ የሄዱት ክረምት ሲገባ ነው። በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ መዘዞ ወጣሁ። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ የቤት ልጅ ግን ዝም ብላ ትገባለች። እኔም በእናቴ በር ተጣርቼ ገብቼ አላውቅም። ገፋ ሳደርገው ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል።

«ቤቶች» አልኩ።

«ማን ልበል?» አለች እናቴ።

ድምፄ ጠፍቷት አይደለም። እዚያው ቆሜ ባሌን ረገምኩት፤ ከዚያም ስሜን ከነአባቴ ስም ነገርኳት።