በአፌ የቀረ ስም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌም ሳይሰማው ሞተ። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ስዘከዝክ እዚች ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። በዚሁ አፌ ቆርቤያለሁ፣ እዩ እንግዲህ። አንቺ የልጅ ልጄ፣ ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ነሽ፤ የምልሽን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪልኝ። እናንተም የምታነቡ፣ እንድታዝኑልኝ አይደለም የምነግራችሁ።

ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ ነው። በአርባ ዓመቴ፣ ልጆቼን ጥዬ፣ ከመዘዞ ወጥታ የማታውቅ ሴት። ሰው ሽቅብ የሚያወጣው የብረት ሳጥን ውስጥ ያስገቡኝ ቀን ጮኼ ሕንፃውን አናጋሁት። በማግስቱ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ሳለቅስ፣ ከፊት ለፊት በረንዳ አንዲት ልጅ ባማርኛ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ጩኸትሽ እኮ እዚህ ድረስ ተሰማ! ሳጥኑ ሰው አይበላም፣ እኔን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመላልስ አልዋጠኝም።»

ስንዱ ነበረች፣ የሰላ ድንጋይ ልጅ። ያን አገር ያስለመደችኝ እሷ ናት። ጋዙን እንዴት እንደምለኩስ፣ እመቤቲቱ ስትቆጣ ምን እንደምመልስ፣ ሁሉንም ከበረንዳ በረንዳ እየጮኸች አስተማረችኝ። በዕድሜ ልጄ ነበረች፤ እዚያ ግን እናቴ ሆነች።

ኋላ ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት ሄጄ ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «ለእናቴ በስልክ አይነገራት። አንቺ አገር ስትገቢ ለሽማግሌ ንገሪልኝ፣ በወጉ ያርዷት። ፍትሐት ያድርጉልኝ።» የክርስትና ስሟንም ነገረችኝ። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ደላላው ያወጣላት የሰው ስም ነበረ። በዚያ ስም ሞተች፣ በዚያ ስም ቀበሯት። መሞቷን አገር ቤት የሚያስታውቅ ማንም አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

ወራት ቆይቶ ተመለስኩ። ብቻዬን ነኝ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን መኪና ተሳፍሬ፣ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰላ ሰላ ድንጋይ ደረስኩ። መርዶ ሥርዓት አለው፤ ማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እኔም ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ቄሱ ዘንድ ልሄድ ነበር ሐሳቤ።

ቀኑ ገበያ ነበር። እናቷ እትዬ ወርቄ መኪና መቆሚያው አጠገብ የበግ ጠጉር ዘርግታ ትሸጣለች። ለካ ከዐረብ አገር የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር ትጠይቃለች። ሻንጣዬን አይታ እየሮጠች መጣች።

«ከቤሩት ነሽ? ስንዱን ታውቂያታለሽ? የኔን ስንዱ?»

«አውቃታለሁ» አልኩ።

እልል አለች። የገበያው ሴት ሁሉ ተቀበላት። «ደህና ናት?» አለችኝ አንገቴን አቅፋ። «ደህና ናት» አልኩ።

አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ሰው ይህን ቢሰማ አዝናላት ነው ይለኝ ይሆናል። ውሸት ነው! እኔ ባዶ እጄን ነበር የምገባው፤ መዘዞ የሚጠብቀኝ የባሌ ግልምጫ ነው። ያን ቀን በዕድሜዬ አንዴ እልል ተባለልኝ። እቤቷ ወስዳ እግሬን አጠበችኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ፣ ጎረቤት እየመጣ ሳመኝ። መርዶ ነጋሪ ሆኜ ከዚያ ክብር ልውረድ? አልወረድኩም። የሞተች ልጅ ደስታ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ የመዘዞውን መኪና ልሳፈር ስነሳ፣ በእጇ ከፈተለችው ጠጉር ያሠራችውን ባና አመጣች። ብርድ ልብስ ነው፣ ወፍራም።

«ያ አገር ይበርዳል?»

«ይበርዳል» አልኳት፣ ጉድጓዷን እያሰብኩ።

«እንግዲያ ሰው ስታገኚ ላኪላት። አደራሽን። እግርሽን እንቅፋት አይንካው።»

ባናውን ተቀበልኩ። ልጄ፣ አሁን የተቀመጥሽበት ባና ያ ነው። አትነሺ፣ ጻፊ።

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በየገበያው ሰው ትልክብኛለች፣ እኔም እመልሳለሁ። ሌላ ከተማ ተዛውራለች አልኩ። አግብታለች አልኩ። ወልዳለች አልኩ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ወልዳለች! እሷም ለማይኖረው ልጅ የጣት ጥፍር የሚያህል የብር መስቀል ላከች። እሱንም ተቀበልኩ።

አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃ ሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አልቃሿ እንዲህ አለች፦

ወልዳ አሳድጋ ለባዕድ አገር፣
አፈር ሲጫናት ሴት ልጇ አልነበር።

ሰው ሁሉ ስንዱን ረገመ። ከሃዲ፣ ድንጋይ ልብ፣ እናቷን ያልቀበረች አሏት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩና ከሰው ጋር አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት? እትዬ ወርቄ ሳለች ያን የክርስትና ስም የምናውቅ ሁለት ነበርን፤ እሷ ልጄ አለች ብላ ለፍትሐት አላሰበችውም፣ እኔ ዋጥኩት። አሁን እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ነገ ብሞት የስንዱን ነፍስ በየትኛው ስም ይጠሯታል? እስካሁን ፍትሐት የላትም፣ ተዝካር የላትም፣ በስሟ አንድ ቁራሽ ለደሃ አልተሰጠም። በእኔ ነው። በደላላው አይደለም፣ በሳሉም አይደለም፣ በእኔ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ሰላ ድንጋይ አለ፤ እሷ ክርስትና ስትነሳ ገና አልተወለደምና ያን ስም አያውቀውም። ስሟን እቤቱ አያስነሳም አሉ። ቅዳሜ ባናውንና መስቀሉን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ለቄሱ ንገሪ፤ ማለዳ ሽማግሌ ይዘው እንዲያረዱት፣ እኔ ያላደረግኩትን። ከዚያ ይህን ወረቀት ሰው በተሰበሰበበት አንብቢው። ቢረግመኝ ዝም በይ። ይቅር በላት ብለሽ እንዳትለምኝልኝ፤ እኔም አልለምንም፣ የምለምንበትን አፍ እንዴት እንዳዋልኩት ነግሬሻለሁ።

አሁን ስሟን ጻፊ፣ ለብቻው፣ ጎላ አድርገሽ።

ወለተ ሐና።

ጻፍሽው? እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።