የእማዬ ስልሳ ጉርድ ፎቶ

ወንድሜን የሰፈሩ ሰው «አገጭ» ነው የሚለው። መታወቂያ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ በርጩማና አንድ ነጭ አንሶላ በሚያጨናንቋት ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው፦ «አገጭ ቀና። ጆሮ ይታይ። ሳቅ የለም።» የሰፈራችን ሰው በሙሉ በእሱ እጅ አልፏል፤ በሙሉም ኪሱ ውስጥ የአንድ ተፈላጊ ወንጀለኛ ፎቶ ይዞ ይዞራል።

እሱ ግን ይኮራል። የእሱ ፎቶ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ተመልሶ አያውቅም። ይህን ያልነገረው ሰው የለም፤ ለእኔ ለታናሽ እህቱማ ስንቴ እንደነገረኝ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

አባታችን የሞተ ጊዜ ጉዱ ወጣ። የሚሰቀል ፎቶ ቢፈለግ ከጉርድ ፎቶው በቀር አልተገኘም። አገጭ እሱኑ አሳድጎ፣ ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። አባታችን በሳቁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሰው ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን ምርመራ ላይ ያለ ይመስላል። እማዬ ጠዋት ጠዋት አቧራውን እየጠረገች «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን በድዬው ነው እንዲህ የሚያፈጥብኝ?» ትላለች።

ዘንድሮ እማዬን የቤቱ ደረጃ አቃታትና ታላቅ እህታችን ጋ፣ ሌላ ከተማ፣ ሄዳ እንድትኖር ተወሰነ። ሁለት ወር ሲቀራት አገጭን ጠራችው።

«ስማ። ስሄድ የእኔም ፎቶ ከአባትህ ጎን ይሰቀል። ግን እንደሱ አድርገህ እንዳትሰቅለኝ። የልጅ ልጆቼ አይተው ያውቁኝ እንጂ አይፍሩኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያነሳሁ ነኝ እኮ እማዬ።»

«እሱ ነው ያሰጋኝ።»

ነገሩ ሲከነክነው ሰነበተ። አንድ ደንበኛው ታዲያ «በየቀኑ አንድ ፎቶ ቢያነሱ እጅዎ ይሻሻላል» አለው። ምክሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀበለ። ስልሳ ቀን፣ ስልሳ ፎቶ፣ ስልሳ ጊዜ እማዬ። አዲስ ደብተር ገዝቶ በሦስት ዓምድ አሰመረው፦ ቀን፣ ብርሃን፣ አገጭ።

«አገጭ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ያለ አገጭ ምን ፎቶ አለ?» አለኝ።

በመጀመሪያው ቀን እማዬ በረንዳ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፣ የጠዋት ፀሐይ ጉንጯ ላይ አርፋለች፣ ስለ ጎረቤታችን አንድ ሐሜት ጀምራልኛለች። ማንም ሰው እዚያው ቆሞ አንድ ጊዜ ቢጫን ይበቃው ነበር። አገጭ ግን ክንዷን ይዞ አስነሳት፣ መነጽሯን አወለቀ፣ ሐሜቷን አቋረጠ፣ ወስዶም ነጩ አንሶላ ፊት በርጩማው ላይ ጎለታት። «አገጭ ቀና፣ እማዬ።»

መሻሻሉንማ ተሻሻለ። አራት ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው በአሥረኛው ቀን አርባ ሰከንድ ሆነ። በሠላሳኛው ቀን ሁለቱ ጆሮዎቿ እኩል መጡ፤ ያን ቀን ከደስታው የተነሳ ክፍሉን በጊዜ ዘጋ። በአርባኛው ቀን አርባውንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠራኝ።

«ልዩነቱ ይታይሻል?»

«አዎ፣ ልብሷ።»

ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

በሃምሳኛው ቀን እማዬ ፎቶውን አንስታ ብዙ ካየችው በኋላ «እኔ እንዲህ ሆኛለሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንጀቴን በላችው። አገጭ በበኩሉ ደብተሩ ላይ «በጣም ጥሩ» ብሎ እየጻፈ ነበር።

በሃምሳ አራተኛው ቀን፣ እጁ እንዳይንቀጠቀጥበት ብሎ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርጎ በራሱ እንዲያነሳ አሥር ሰከንድ ሞላው። ወዲያው የአንሶላው ሚስማር ወለቀ። አንሶላውን ለመያዝ ከእማዬ ጀርባ ቢሮጥ ጨርቁ ራሱ ላይ ተከመረበትና እጁን ዘርግቶ መውጫ ሲፈልግ እማዬ ዞራ አየችው። ካሜራው በሰዓቱ ቀጭ አለ። አገጭ ደብተሩን አወጣና «ተበላሽቷል። ሳቅ አለ። አገጭ የለም» ብሎ መዘገበ። ሆኖም ያነሳውን ሁሉ አራት አራት አድርጎ ማተም ልማዱ ነውና አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ፣ «እማዬ» ብሎ ጽፎ መሳቢያው ውስጥ ጣለው።

በማግስቱ እማዬ ከመንገዷ በፊት መታወቂያዋን ልታሳድስ አብሬያት ሄድኩ። አገጭ ደንበኛ ይዞ ስለነበር «ፎቶሽ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ‹እማዬ› ይላል» አለን። ሃምሳ አራቱም ፖስታ «እማዬ» ይላል። የላይኛውን አነሳሁ።

የመስኮቷ ሠራተኛ ፎቶውን አገላብጣ አየችው። «እናቴ፣ ይሄ አይሆንም። እየሳቁ ነው። የሚታየውም አንድ ጆሮ ብቻ ነው። ከኋላዎ ያለው ደግሞ... ምንድን ነው?»

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየች።

«ልጄ ነው» አለች።

ሠራተኛዋ ቀይ ማህተሟን አንስታ ጥግ ላይ «ተቀባይነት የለውም» የሚለውን መታችበት።

መንገዱን ተሻግረን ስንነግረው አገጭ ክው አለ። «የእኔ ፎቶ ተመለሰ?» ብሎ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። እውነቱን ለመናገር ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም በዚያ ሁሉ ስላሾፍኩበት አፈርኩ።

«ይሄን አሳድግልኝ» አለችው እማዬ።

«እማዬ፣ ማህተም አለበት እኮ። ንጹሆቹን ሦስቱን...»

«ባለማህተሙን ነው ያልኩህ። እኔ ይቺ ነኝ።»

መታወቂያዋን በሃምሳኛው ቀን ፎቶ አሳደስነው፤ በአንድ ጊዜ አለፈ። ስልሳኛው ቀን ሲሞላ እማዬ አኩርፋ የምታፈጠውን ሴትዮ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሄደች።

አሁን ጠዋት ጠዋት አቧራ የሚጠርገው አገጭ ነው። አባታችን እንዳፈጠጠ ነው፤ እማዬ አጠገቡ ሁለት የጎደሉ ጥርሶቿን አሳይታ ትስቃለች፤ ከኋላዋ አንሶላ የለበሰ ሰው እጁን ዘርግቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አገጭ ማህተሙን በጣቱ እያሳየ «በሃያ ሁለት ዓመት የተመለሰብኝ ይሄ ብቻ ነው» ይላል። ሲናገር ይስቃል፤ ሳቁ የአባታችን ነው።