ሃያን ለአራት ማካፈል በሐይቅ ዳር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ርዕሰ መምህሩ የሰጡኝ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር። ማስጠንቀቂያው ከቢሯቸው ጥግ የቆመውን የብረት ቁም ሣጥን ይመለከታል። ከፍተው አሳዩኝ። ባለ ቀለም እንክብሎች የተደረደሩበት መቁጠሪያ፣ የእንጨት ቅርጾችና የካርቶን ሰዓት አለበት። የመቁጠሪያው ላስቲክ ገና አልተቀደደም።

"ይህ የሒሳብ መርጃ መሣሪያ ነው" ብለው መልሰው ቆለፉት። "ጎብኚ ሲመጣ ይወጣል።"

ልጆቹስ መቼ ይነኩታል ብዬ ጠየቅሁ። ልጆች ከነኩትማ ይሰበራል አሉኝ።

ሥራ በማግኘቴ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁበት ቀን ስለነበር ሌላ አልጠየቅሁም። ባለቤቴ የሞተበት ዓመት ነው። ሁለት ልጆች ይዤ ከአምባሰል ወደ ሐይቅ ከተማ ገብቼ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አልጽፍም። ማለዳ በሬን ስከፍት አንዳንዴ በሲባጎ የታሰረ ዓሣ መዝጊያው ላይ ተንጠልጥሎ አገኝ ነበር። የሚያመጣውን ሰው አይቼው አላውቅም። አማትቤ እጠብሰዋለሁ። በኋላ ኑሮዬ ሲቃና ዓሣው ቀረ።

በትምህርት ቤታችን ማባዛት የሚሰጠው በዜማ ነበር። ክፍሉ በሙሉ የሰባትን ብዜት ሲያዜም ወደ ወልድያ የሚያልፍ የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር እጁን እያወዛወዘ ይሄድ ነበር። ቅኝቱ ራሱ አምባሰል ነው ብሎ የሚምል መምህር ነበረን። ችግሩ ዜማው ከመሃል አለመጀመሩ ነው። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ያልሁት ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ ከሰባት ጊዜ አንድ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ ደወሉ ይቀድመዋል።

በእጃቸው እየነኩ ይማሩ ብዬ አንድ ቀን የሽምብራ ቆሎ ይዤ ገባሁ። የዕለቱ ትምህርት መደመር ነበር። መደመሩን ሳንጀምር መቀነሱን ጨረሱት። አንዷ አፏን እየጠረገች፣ "ቲቸር፣ ነገም ሒሳብ አለን?" አለችኝ። ሒሳብ እንዲኖር የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ተማሪ እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ከሐይቁ ዳር ጠጠር ማምጣት ጀመርሁ። ጠጠር አይበላም። ርዕሰ መምህሩ ጆንያውን አይተው፣ "ትምህርት ቤቱ ላይ ፎቅ ልትጨምሪ ነው?" አሉኝ። ልጆቹ ግን በጠጠሩ ሲደምሩ፣ ሲከምሩ፣ አንዱ የሌላውን ሲሰርቅና ስርቆቱ በቆጠራ ሲገኝበት በሒሳብ ሰዓት መሳቅ ለመዱ። ሳቁ ቢሮ ድረስ ስለሚሰማ በስብሰባ ላይ ተገሠጽሁ። ዜማው ያልረበሸውን ቢሮ ሳቅ ረበሸው።

ዘይነብ ወደ ክፍሌ የመጣችው አራተኛ ክፍልን ደግማ ነው። እናቷ ዐረብ አገር ትሠራለች። የምትኖረው ከአጎቷ ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው፤ ሐይቁ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ የሚያሰግር ሰው ነው። መደመር፣ መቀነስና ማባዛት ላይ ማንም አይቀድማትም። ማካፈል ላይ ግን አንድም አታገኝም። አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሁለት፣ አራት። ሃያ ሲካፈል ለአራት፣ አራት። ሃያ አራት ሲካፈል ለሦስት፣ ስድስት። ያለፈው ዓመት መምህሯ በደብተሯ ላይ ከኤክስ በቀር የጻፈላት ነገር የለም።

ጋሽ ሰይድ ቁርጡን ነግሮኝ ነበር። ዘንድሮም ከደገመች ከትምህርት ቤት ያወጣታል፣ እቤት ትውላለች። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰሙ አልከፋቸውም። ደካማ ተማሪ በወጣ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ውጤት ከፍ ይላል አሉኝ። በዚህ ስሌት ሁሉም ቢወጡ አንደኛ እንወጣ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ሃያ ጠጠር ሰጥቻት ለአራት ሰው አካፍይ አልኋት። አንድ በአንድ እያዳረሰች አምስት መደብ አወጣች። አምስቱም እኩል ናቸው።

"ሰዎቹ አራት ናቸው ዘይነብ። አምስተኛው የማን ነው?"

"የሚስኪን ነዋ፣ ቲቸር።"

አጎቷ ከጓደኞቹ ጋር ዓሣ ሲካፈል እንዴት እንደሆነ ነገረችኝ። ከሰዎቹ ቁጥር አንድ መደብ አስበልጠው ያወጣሉ። ከዚያ ዕጣ ይጥላሉ። የሚስኪኑ መደብ ትርፍ ሲገኝ የሚሰጥ ሳይሆን ከሁሉም እኩል ነው። ለእስላምም ለክርስቲያንም፣ ለቸገረው ይሰጣል። ማን ይወስደዋል ብላት፣ "የሚወስድ የለም፣ አጎቴ በራቸው ላይ አንጠልጥሎላቸው ይመለሳል፤ እንዳያፍሩ ነው" አለችኝ።

አምስተኛውን መደብ ጠጠር አንሥቼ ለአራቱ አንድ አንድ አደልሁ። ከዚያ የመጽሐፉ ማካፈል የሚስኪን መደብ እንደሌለበት አስረዳኋት። ለምን አለችኝ። መጽሐፉ እንደዚያ ስለሚል ነው አልሁ።

በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘር ይመጣል ተባለ። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፣ መቁጠሪያው ከላስቲኩ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ልጅ እንዳይነካው አደራ ተባልሁ። ደካማ የተባሉት ተማሪዎች ደግሞ ሳልጠየቅ በቢሮ በኩል በዕለቱ እንዳይመጡ ተነገራቸው። ዘይነብ አንዷ ነበረች።

ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ርዕሰ መምህሩ አጠገቡ ቆመው ሳስተምር በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ነው፤ ዘይነብን እጇን ይዟታል።

"እትዬ፣ እስከ ፈተና ልጠብቅ ብዬ ነበር። አትምጪ ካላችኋት ግን ምን እጠብቃለሁ? መልቀቂያዋን ስጡኝና ልሂድ" አለ።

ርዕሰ መምህሩ በጥድፊያ ወደ በሩ ሄደው እንግዳ እንዳለ፣ ነገ ቢመለስ እንደሚሻል በሹክሹክታ ነገሩት። ጋሽ ሰይድ ከበሩ አልነቃነቅ አለ።

"መልቀቂያው አይጠፋም ጋሽ ሰይድ" አልሁት። "መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሃያ ዓሣ አራት ሆናችሁ ብትካፈሉ ለያንዳንዳችሁ ስንት ይደርሳችኋል?"

"አራት አራት" አለ፣ ሳያስብ።

ርዕሰ መምህሩ ለጓደኛው መልስ እንደሚያቀብል ተማሪ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው "አምስት፣ አምስት" አሉት። ሱፐርቫይዘሩ አራት እንዴት እንደሚሆን ጠየቀ።

"የሚስኪኑስ?" አለ ጋሽ ሰይድ። የተማረውን ሰውዬ በሐዘኔታ አየው። "ወላሂ፣ እናንተ ሳታወጡለት ነው እንዴ የምትካፈሉት?"

እኔ ዘይነብ እስከ ዛሬ የወደቀችው ይህንኑ መልስ እየጻፈች እንደሆነ ነገርሁት። ጋሽ ሰይድ ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ።

"እኔ ያሳየሁሽን ነው ስትጽፊ የኖርሽው?"

አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ጠመኔ ሰጥቻት ሃያን ለአራት አካፍይ አልኋት። ጠመኔውን እንደያዘች ወደ ሱፐርቫይዘሩ ዞረች። "የሚስኪን ያለበት ነው የሌለበት?"

ሱፐርቫይዘሩ የመምህሩን መምሪያ ገለጠ። መምሪያው ስለዚህ የሚለው አልነበረውም። "የሌለበት" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዘይነብ አምስት ብላ ጻፈች።

ጋሽ ሰይድ፣ "አብሽሪ፣ ቦታሽ ተቀመጪ" ብሏት ሄደ። መልቀቂያውን ዳግመኛ አልጠየቀም። መዝጊያዬ ላይ ዓሣ ያንጠለጥል የነበረው እሱ ይሁን ሌላ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በጸሎቴ ግን ስሙን አነሣለሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ሲሄድ ሁለት አስተያየት ሰጠ፤ ትምህርቱ ከዕቅዱ ወጥቷል፣ የመርጃ መሣሪያው አያያዝ ግን ለሌሎች አርአያ ነው። ርዕሰ መምህሩ በሁለተኛው ተደስተው መቁጠሪያውን ላስቲኩን መልሰው አልብሰው ቆለፉበት።

ዘይነብ በዓመቱ መጨረሻ አለፈች። ከእሷ በኋላ ያስተማርኋቸው ልጆች ሁሉ ማካፈልን የተማሩት በሁለቱም መንገድ ነው። ወላጆች አልተቃወሙም።

አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። ለሚተኩኝ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። ልጅ ማካፈል ሲሳሳት ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት ለእነማን እንዳካፈለ ጠይቁት።