ሽማግሌ አላስወጣ ያለው ውሻችን

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ወር፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ቤታችን ነው። የግቢያችን በር በተንኳኳ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬንም ያስቀኛል።

ሻምበል የሚባል ውሻ አለን። ማሻ ደጋ ላይ በግ የሚያረባው የባለቤቴ ወንድም ነው "ግቢ ይጠብቅላችኋል" ብሎ የሰጠን። ቁመቱ ጥጃ ያክላል። ጠባዩ ግን ግራ ያጋባል፤ የሰው ውሻ ሰው አላስገባ ይላል፣ የእኛው አላስወጣ ይላል። በጎች አንዴ ጉረኖ ከገቡ እረኛው ሳይመጣ እንዳይወጡ ሲጠብቅ ያደገ ነውና፣ ሚዛን መጥቶም እኛን በግ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። የሚታዘዘው ለምታበላው ለብቸኛዋ ልጄ ለሜሮን ብቻ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሜሮንን ቴፒ ለሚሠራ ወጣት ሊጠይቁ ነው። ስለ ልጁ ክፉ አልሰማሁም። ችግሩ እኔ ነበርኩ፤ አንድ ልጄን ለመሸኘት አንጀቴ እምቢ አለኝ። እነሱ ሠርጉን ለጥር አስበዋል። እኔ በቆሙበት ሰማኋቸውና "እንመካከርበት፣ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ" አልኳቸው። ከፋሲካ በኋላም ሌላ ምክንያት አላጣም ነበር። ሜሮን ካለችበት ጓዳ የድስት ክዳን ሲወድቅ ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ ቅር እያላቸው ወጡ። ሻምበል የግቢው በር ላይ ተጋድሞ ጠበቃቸው። አልጮኸም፣ አልነከሰም። ተነሥቶ በደረቱ እየገፋ አንድ በአንድ ወደ በረንዳው መለሳቸው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ በየነ በጎን ሊያልፉ ሲሞክሩ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ በጥርሱ ይዞ አመጣቸው። ብቆጣው ዞር ብሎም አላየኝ።

"ሜሮን፣ ውሻሽን ያዢ!" ብዬ ተጣራሁ።

"እጄ በርበሬ ነው" አለች ከጓዳ።

ይባስ ብሎ ዝናቡ መጣ። ሽማግሌ ዝናብ ላይ አይተውም፤ አስገብቼ አስቀመጥኳቸው። ሽማግሌ ከተቀመጠ ደግሞ ነገሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ አፍና የሚጠጣ ብታቀርብም፣ መልስ ሳናገኝ አንቀምስም አሉ።

ጋሽ በየነ የጋቢያቸውን ጫፍ እየጨመቁ፣ "ውሻህ እንኳ ያለ መልስ አትሄዱም አለን። አንተስ?" አሉኝ።

ውሻውን እንድትይዝ ልጄን እንደገና ጠራኋት።

"አባዬ፣ ምን ብለሃቸው ነው የሚሄዱት?" አለችኝ ከዚያው ከጓዳ።

ድምፅዋ ለቅሶ ነበረበት። ለካ ለእሷ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

"ጥር ይሁን" አልኩ።

አፌን ሳልዘጋ ብቅ አለች። እጇ ንጹሕ ነበር፤ በርበሬ የሚባል አልነካውም። "ሻምበል፣ ና" ስትለው ጭራውን እየቆላ መንገዱን ለቀቀ።

አሁን እሷ ቴፒ ናት። ሻምበልን የማበላው እኔ ስለሆንኩ የሚሰማውም እኔን ብቻ ሆኗል። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፣ አልዋሽም። ግን ከባሏ ጋር ስትመጣ ፊቷን ሳየው፣ ያን ቀን ውሻው ከእኔ የተሻለ እንዳሰበ አምናለሁ።

ሊሄዱ ሲነሡ ሻምበል እንደ ልማዱ በሩ ላይ ይጋደማል። "አባዬ፣ መኪና ሊያመልጠን ነው፣ ያዝልን እንጂ" ትለኛለች።

"እጄ በርበሬ ነው" እላታለሁ፣ ከሶፋዬ ሳልነሣ።