ሸክላዎቼን ሊገዙ የመጡት ሁለት ሰዎች

የሙዚቃ ሸክላዎቼን ለመሸጥ የወሰንኩት የካዛንቺሱ ቤቴ ሊፈርስ ስለሆነ ነው። የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ከከተማው ጫፍ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። መቶ አርባ ሸክላ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ አንዱ ካርቶን ብቻ ሁለት ሰው ያንገዳግዳል። በወጣትነቴ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር፣ ሰው ሁሉ ሸክላውን እየጣለ ካሴት ይገዛ ነበር። እኔ የተጣለውን እየለቀምኩ ወደ ቤት አመጣሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ማታ ማታ ቤቴን የሚሞሉት እነሱ ነበሩ።

አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ፣ «ፎቶ አንሺና ኦንላይን ለጥፊው፤ በቃ፣ በሁለት ቀን ያልቃል» አለችኝ። አንድ የዕቃ መሸጫ ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ለጠፍኩ።

በሁለት ቀን ያለቀው ትዕግሥቴ ነው። «ሸክላ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ድስትና ጀበና እንዳለኝ የጠየቀኝ አለ። በአሮጌ ስልክ ልለውጥሽ ያለኝ አለ። «ላስት ፕራይስ?» ብሎ ጽፎ የሚጠፋውማ ስፍር ቁጥር የለውም። አንዱ ሜክሲኮ እንገናኝ ብሎኝ፣ አሥር ሸክላ በፌስታል ተሸክሜ ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው።

ስለዚህ አንድ ትሑት ሰው ሲጽፍልኝ ደስ አለኝ። «እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ሁሉንም እገዛለሁ» አለ። ሁሉንም! ስለ ዘፈኖቹ ግን ምንም አልጠየቀም። ቤቱ ፎቅ ነው ወይስ ምድር? ጎረቤቶች አሁንም አሉ? ለመሸከም የሚያግዝ ወንድ ቤት ውስጥ አለ? እኔም ሞኟ ሁሉንም መለስኩለት። ከአሥራ አንዱ አባወራ ሦስታችን ብቻ እንደቀረን፣ ብቻዬን እንደምኖር፣ ግቢው በቆርቆሮ እንደታጠረ ጻፍኩለት።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ለካ ሁለት ናቸው። መልእክቱን የጻፈልኝ ኮት የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው። ሁለተኛው ግዙፍ ነው፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ምነው፣ ክፍት ይሁን እንጂ፣ ይሞቃል» አልኩ።

«እሱን ይበርደዋል» አለ ባለ ኮቱ፣ እየሳቀ። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር።

ካርቶኖቹን አሳየሁት። ሸክላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ከሽፋኑ አውጥቶ ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ ጭረቱን ያያል። እሱ አንዱንም አላወጣም። ሽፋኖቹን እንደ ጋዜጣ እያገላበጠ ዓይኑ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ቁም ሣጥኑ በሚታይበት የመኝታ ቤት በር ላይ ይመላለስ ነበር። ሸክላ ሊገዛ እንዳልመጣ ያኔ ገባኝ።

ግዙፉ ሰውዬ «ሽንት ቤት የት ነው?» አለ።

«ውጭ ነው፤ ከግቢው ጥግ» አልኩት።

አልወጣም። ወደ መኝታ ቤቴ ገባ። የቁም ሣጥኔ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ባለ ኮቱ እንዳልሰማ ሆኖ፣ «እትዬ፣ ለመሆኑ ልጆች የሉዎትም?» አለኝ። ስልኬ መስኮቱ ሥር ቻርጅ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ በእኔና በስልኩ መካከል ተቀምጧል። ብጮህ ማን ይሰማኛል? ቢሰማኝስ ከመድረሱ በፊት ምን ያደርጉኛል?

«እስቲ አንዱን ልሞክርላችሁ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ በችኮላ ሳስቀምጠው ሸክላውን ጫረው። ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈትኩት።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሙዚቃ በከፈትኩ ቁጥር ግድግዳውን በከዘራ ይደበድባሉ። በዚሁ ተጣልተን ስድስት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። ዕቃቸውን ወደ ልጃቸው ቤት ማጓጓዝ ጀምረው ስለነበር ቤት መኖራቸውን እንኳ አላውቅም።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ምንም የለም። «ይቀንሱት!» አለ ባለ ኮቱ። ፈገግታው ጠፍቷል። «እንዲህ ካልጮኸ ጭረቱ አይሰማም» አልኩት። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ሁለተኛው ዘፈን ተጀመረ።

ድው! ድው! ድው! አለ ግድግዳው። ከዚያ ቆመ። አልቀነስኩም። ወዲያው በሬ በከዘራ ተደበደበ፤ ሮጬ ከፈትኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትገድዪኝ ነው እንዴ?!»

«ጋሼ፣ ይግቡ» አልኩ። «ሸክላ ሊገዙ መጥተው ነው። እባክዎ ይግቡ።»

ፊቴን አዩ። ባለ ኮቱን አዩ። ከመኝታ ቤቴ የሚወጣውን ሰው አዩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያልረገጡትን ደጃፌን ተሻግረው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጥሩ ነው፣ ግዙ» አሉ። «እኔም ልስማ። ልጄ መኪና ይዞ እየመጣ ነው፤ ይሸከምላችኋል።»

ሁለቱ ተያዩ። «ሌላ ቀን ደውለን እንመጣለን» አለ ባለ ኮቱ፤ ወጡ። ጋሼ እስከ ውጭው በር ተከትለዋቸው ተመልሰው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ ዛሬ አይመጣም» አሉኝ። «ውሃ አለሽ?»

ከቤቴ ምንም አልጎደለም፤ ከመኝታ ቤቱ ሚስማር ላይ የማንጠለጥለው የውጭ በር ቁልፍ ብቻ የለም። እነሱ ወስደውት ይሁን ወይም ዕቃ ስጠቅልል በግርግሩ እኔው ጥዬው፣ እስካሁን አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ፣ መዝገብ የሚጽፈው ልጅ፣ «እና የጠፋው ቁልፍ ብቻ ነው?» አለኝ። በሚቀጥለው ወር በሚፈርስ ቤት ላይ አዲስ ቁልፍ አስገጠምኩ። ሰኞ ዕለት መልእክት መጣልኝ፦ «እትዬ፣ ያን ቀን አልተመቸንም። ሽማግሌው መቼ ነው የሚለቁት?» የለጠፍኩትን ሁሉ አጠፋሁ። እስክለቅ ድረስ ውሻ በጮኸ ቁጥር በሩ ላይ ጆሮዬን እለጥፍ ነበር።

ጓደኛዬ ሌላ ገዢ አገኘችልኝ፤ ሴት ናት። ቤት አልጠራኋትም። ኡራኤል አንድ ካፌ ተቀጣጠርን፤ ጋሼ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ ይዘው ጋዜጣ የሚያነቡ መስለው ተቀመጡ። ሴትየዋ ሸክላዎቹን እያየች በየደቂቃው ወደ በሩ ትዞራለች።

«ምነው፣ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» አልኳት።

አፈረች። በሩ አጠገብ ብቻውን ሻይ ወደሚጠጣ ወጣት ጠቆመችኝ።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ማን እንደሆኑ አላውቅማ።»